ኩልል ባለ ውሃ ውስጥ

የዓሣ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ዓሣ ሲሞትባቸው መጀመሪያ የሚሉት «ውሃው እኮ ኩልል ያለ ነው!» ነው። እውነታቸውን ነው፤ ውሃው በእርግጥም ኩልል ያለ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ ባለ ገንዳ ዓሣን የሚጨርሱት ነገሮች አብዛኞቹ ቀለም የላቸውም። አሞኒያ ዓሣ በሚገድልበት መጠን ውሃ ውስጥ ቢኖር ዓይን አያየውም፣ አፍንጫም አይለየውም፤ ናይትራይትም እንደዚያው ነው። በአንጻሩ ገንዳው ውስጥ ከተቀመጠ እንጨት ታኒን ወጥቶ ቡናማ የሆነ ውሃ ሰውን ያስደነግጣል እንጂ ዓሦቹን አይጎዳም፤ እንዲያውም በተፈጥሮ እንዲህ ባለ ወንዝ ውስጥ የሚኖሩ ዝርያዎች ብዙ ናቸው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለገንዳ ውሃም ይሠራል።

ይህን የምጽፈው ገንዳቸው ተበላሽቶባቸው ግራ ለተጋቡ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። ይልቁንም በጣም የሚለፉ ናቸው፤ ጠጠሩን አውጥተው የሚያጥቡ፣ ፊልተሩን እስኪነጣ የሚያሹ፣ ውሃውን ሙልጭ አድርገው የሚለውጡ፣ ከዚያ በሳምንቱ እንደገና ዓሣ የሚሞትባቸው። ከገንዳ ጋር በቆየሁ ቁጥር እየጠነከረ የመጣ አንድ እምነት አለኝ፦ ውሃውን ለማዳን በጥድፊያ ከምናደርገው ነገር አብዛኛው፣ ውሃውን ጤነኛ አድርጎ የሚያቆየውን ሕይወት የሚያጠፋ ነው።

ያ ሕይወት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በዋነኛነት አሞኒያ አድርጎ፣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል። ዓይነ ምድሩም፣ ሳይበላ ወለል ላይ የቀረ ምግብም፣ የረገፈ ቅጠልም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይጨምራሉ። ሐይቅ ውስጥ ይህ ችግር አይሆንም፤ ውሃው ሰፊ፣ ዓሣው ደግሞ ከውሃው ስፋት አንጻር ጥቂት ነው። 100 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው ከራሱ ቆሻሻ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከሌሉ፣ ዓሦቹ በራሳቸው ትንፋሽ ይመረዛሉ።

የእነዚህ ተሕዋስያን ታሪክ ሁሌም ይማርከኛል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ለይቶ ካወጣቸው በኋላ፣ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ናይትራይቱን የሚቀይረው ናይትሮባክተር ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ምርምር ግን በጨው አልባ ውሃ ገንዳዎች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ናይትሮስፒራ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በብዙ የቤት ገንዳ ፊልተሮች ውስጥ አሞኒያውን የሚቀይሩት በአብዛኛው ባክቴሪያዎች ሳይሆኑ አርኬያ የሚባሉ ሌሎች ረቂቅ ፍጥረታት እንደሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚህም የባሰ የሚገርም ነገር መጣ፤ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ከአሞኒያ እስከ ናይትሬት ያለውን መንገድ ብቻውን የሚጨርስ ናይትሮስፒራ አገኙ። አንደኛው ቡድን ያገኘው ከዓሣ ማርቢያ ፊልተር ውስጥ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በሁለት ሠራተኛ ይሠራል ሲባል የኖረውን ሥራ አንዱ ብቻውን ሲሠራው ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት ቤት ውስጥ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ትዕግሥት ማስተማሩ ነው። እነዚህ ፍጥረታት በጣም ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። ሁኔታው ተመችቷቸው እንኳ ቁጥራቸው እጥፍ እስኪሆን ከግማሽ ቀን በላይ ሊወስድባቸው ይችላል። ለዚህ ነው አዲስ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ «ያልበሰለ» የሚባለው። በዚያ ጊዜ መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፣ ቀጥሎ አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ይቀራል። በመካከሉ ውሃው ወተት የመሰለ ጭጋግ ሊለብስ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሌሎች ፈጣን ባክቴሪያዎች የተትረፈረፈ ምግብ አግኝተው ሲፈሉ ነው። ምግቡ ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል። ያን ጭጋግ ለማጥፋት ብሎ ውሃውን በየቀኑ የሚለውጥ፣ ፊልተሩን የሚያጥብ ሰው ሳምንታቱን ከዜሮ ይጀምራቸዋል። አጭሩ መንገድ ጤነኛ ከሆነ አሮጌ ገንዳ የፊልተር ስፖንጅ ቁራጭ ለምኖ አዲሱ ፊልተር ውስጥ መክተት ነው።

ስፖንጅ ካነሳሁ አይቀር እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ተሕዋስያኑ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው የሚኖሩ ይመስለናል፤ አብዛኞቹ ግን የሚኖሩት በጠጠር፣ በመስታወት፣ በቅጠል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃ ሳያቋርጥ በሚያልፍበት በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። የቆየ ስፖንጅ አውጥታችሁ በጣታችሁ ብትዳስሱት ያሙለጨልጫል። ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ስታደርጉት ደግሞ ቡናማ ደለል ቡልቅ ብሎ ይወጣል። አሽቱት። ጤነኛ ከሆነ የሚሸተው ዝናብ የነካው አፈር ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ግን ውሃው በውስጡ ማለፍ አቁሟል፣ ኦክስጅን አልደረሰውም ማለት ነው። ደለሉ መውጣት አለበት፣ ሙልጭልጩ ግን መቅረት አለበት። ስለዚህ ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ተጨምቆ ነው እንጂ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ሥር ተይዞ አይደለም። ክሎሪን የቧንቧ ውሃ ውስጥ የገባው ተሕዋስያንን እንዲገድል ነው፤ የእኛን ከሌላው አይለይም።

አንዳንድ ፊልተሮች «ካርትሪጁን በየወሩ ጥላችሁ በአዲስ ተኩ» ከሚል መመሪያ ጋር ይሸጣሉ። ይህ መመሪያ ያናድደኛል። ገዢው ታዛዥ ሆኖ በየወሩ በገዛ እጁ የገንዳውን ጉበት አውጥቶ ይጥላል፣ ከዚያ ዓሣው ለምን እንደሞተ ሳይገባው ይቀራል። ስፖንጁ እስካልተቀዳደደ ድረስ ለዓመታት ያገለግላል። መተካት ግድ ከሆነም አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን አንድ ወር ያህል አብረው ይቆዩ።

አሁን ወደ ልኬቱ። አንድ ገንዳ ታሟል ሲሉኝ ስለ መድኃኒት ከማውራቴ በፊት አሞኒያው፣ ናይትራይቱ፣ ናይትሬቱ፣ ፒኤቹ (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውሃው አሲዳማ ነው) ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ያለ ልኬት የሚደረግ ሁሉ ግምት ነው። ወረቀት መሰሉ የመለኪያ ስትሪፕ ለችኮላ ይሆናል፤ እኔ ግን በጠብታ የሚሠራውን የፈሳሽ ኪት እመርጣለሁ። የመስታወቷን ቱቦ እስከ መስመሯ ውሃ ሞልታችሁ፣ ጠብታውን ቆጥራችሁ ጨምራችሁ፣ ደቂቃውን ጠብቃችሁ ቀለሙን ነጭ ወረቀት ጀርባ አድርጋችሁ ታያላችሁ። ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፤ ወደ አረንጓዴ ከዞረ አለ። የናይትሬቱ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ በብዙ ኪቶች ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዱቄት ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱ ከጠብታው በፊት በኃይል መናጥ አለበት። ሳይናጥ የተለካ ናይትሬት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ሰውየውም «ናይትሬቴ ዜሮ ነው» ብሎ ይተኛል።

የአሞኒያውን ቁጥር ደግሞ ያለ ፒኤቹ ማንበብ አይቻልም። ኪቱ የሚለካው ሁለት ነገር ደምሮ ነው፤ መርዛማውን አሞኒያና ብዙም ጉዳት የሌለውን አሞኒየም። የሁለቱን ድርሻ የሚወስኑት ፒኤችና ሙቀት ናቸው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ከጠቅላላው 1 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን 5 ከመቶ ገደማ ይደርሳል፤ 9 ሲሆን ከሲሶ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቁጥር ያነበቡ ሁለት ሰዎች አንደኛው ነገ ቢያስተካክለውም የሚደርስ፣ ሌላኛው ግን በዚያች ሰዓት መነሳት ያለበት ሊሆን ይችላል።

ናይትራይት የሚገድለው በሌላ መንገድ ነው። በስንጥቡ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ያበላሸዋል፤ የዓሣው ደም ቡናማ ይሆናል፣ ውሃው ውስጥ አየር ሞልቶ ሳለ ዓሣው ይታፈናል። እዚህ ጋ ጥቂት ጨው ይረዳል፤ የጨው ክሎራይድ ስንጥቡ ላይ ከናይትራይቱ ጋር ተሻምቶ መግቢያውን ያጠብበታል። ጨው የማይወዱ ዓሦችና ተክሎች ስላሉ በጥንቃቄ ነው።

አሞኒያ ወይም ናይትራይት ሲታይ የሚደረገው ነገር አስቸጋሪ አይደለም። መመገብ ማቆም። ጤነኛ ጎልማሳ ዓሣ ጥቂት ቀን ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም፤ ያልገባ ምግብ ደግሞ አሞኒያ አይሆንም። ከውሃው ሩቡን ወይም ሲሶውን መለወጥ፣ እንደ ቁጥሩ በነጋታውም መድገም። የአየር ፓምፕ መጨመር። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ተቀራራቢ ይሁን፣ ክሎሪኑም ይጥፋ። የቆየው ልማድ ውሃን ባልዲ ውስጥ አሳድሮ መጠቀም ነው፤ ክሎሪን ብቻ ከሆነ ይህ ይሠራል። አንዳንድ የውሃ አገልግሎቶች የሚጠቀሙበት ክሎራሚን ግን ቢያድርም አይለቅም። የክሎሪን ማጥፊያው ታዮሰልፌት ሲሰብረው ደግሞ ከውስጡ አሞኒያ ይለቀቃል፤ ስለዚህ አሞኒያውንም የሚይዝ የውሃ ማከሚያ ያስፈልጋል። ሰዎች «ውሃ በለወጥኩ ቁጥር አሞኒያ ይወጣብኛል» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ የምለው ግን የአሮጌውን ገንዳ ሕመም ነው፤ አታላይ ስለሆነ። አንድ ወዳጄ ለዓመታት ያለ ችግር የቆየ ገንዳ ነበረው። አዳዲስ ዓሣ ባስገባ ቁጥር በማግሥቱ ይሞቱበታል፣ አሮጌዎቹ ግን ምንም አይሆኑም። ውሃው ደግሞ መስታወት ነው። ስንለካው ፒኤቹ ከ6 በታች ወርዷል፣ ናይትሬቱ የቀለም ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ነው፣ አሞኒያውም ከፍ ብሏል። የቧንቧው ውሃ ፒኤች ግን 8 ነበር። «ዛሬውኑ ሙልጭ አድርጌ ልለውጠው» ብሎ ባልዲውን አነሳ። «ተው፣ እንዳታደርገው!» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲቀየር አሲድ ይፈጠራል፤ ያን አሲድ የሚያረክሰው ውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት ክምችት ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 7 ሚሊግራም ያህል ክምችት ይበላል። ይህን ክምችት የሚተካው የውሃ ለውጥ ነው። የተነነውን ብቻ እየሞሉ ውሃ ሳይለውጡ መቆየት ግን ክምችቱን ከሚበላው ፍጥነት ጋር እኩል አይተካውም፤ ከተነነው ጋር ያልሄደው ናይትሬት ደግሞ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ክምችቱ ሲያልቅ ፒኤቹ ይንሸራተታል፤ ከ6.5 በታች ሲወርድ ደግሞ ተሕዋስያኑ ራሳቸው ይዳከማሉ፣ አሞኒያውም መጠራቀም ይጀምራል። በዚያ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም አሞኒየም ስለሆነ አሮጌዎቹ ዓሦች ቀስ በቀስ ተላምደውት ይኖራሉ። አዲሱ ዓሣ ግን በአንድ ጊዜ ሲገባበት አይችለውም። አሁን ፒኤቹ 8 የሆነ ውሃ በብዛት ቢፈስበትስ? ከ6 ወደ 8 ሲወጣ የመርዛማው አሞኒያ ድርሻ ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ያድጋል። በአንድ ከሰዓት ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ በየቀኑ አሥር ከመቶ ያህል ብቻ እየለወጠ፣ አሞኒያ የሚይዝ ማከሚያ እየጨመረ፣ በየቀኑ እየለካ ቀስ ብሎ ወጣው። አዲስ ዓሣ ማስገባት ቆመ፣ ምግብም ቀነሰ። ፒኤቹ ሲወጣ ተሕዋስያኑ ነፍስ ዘሩ፣ አሞኒያው ከፒኤቹ ቀድሞ ወረደ። በኋላ በጨርቅ ከረጢት የተፈጨ ኮራል ፊልተሩ ውስጥ ከተተ፤ ውሃው ወደ አሲድ ባደላ ቁጥር እየሟሟ ካርቦኔት ይሰጣል። ፒኤች ከፍ የሚያደርጉትን የጠርሙስ ኬሚካሎች አልመከርኩትም። ክምችቱ ሳይኖር ቁጥሩን ብቻ ወደ ላይ መጎተት ዓሣውን ወዲያና ወዲህ ከማንገላታት ያለፈ ነገር የለውም። ፒኤቹ ጸንቶ መቆየቱ «ትክክለኛ» የሚባለው ቁጥር ላይ ከመድረሱ ይበልጣል።

የውሃ ለውጥ ምን ያህል ይበቃል ለሚለው ጥያቄ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል። ናይትሬታችሁ በሳምንት 10 ሚሊግራም በሊትር የሚጨምር ከሆነና በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ከለወጣችሁ፣ ቁጥሩ ከጊዜ በኋላ ከለውጥ በፊት 40 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ አያልፍም። ግማሹን ብትለውጡ 20 ላይ ይቆማል። የሚመጣው ውሃ ናይትሬት ከሌለው ማለቴ ነው፤ አንዳንዴ የቧንቧው ውሃ ራሱ ናይትሬት ይዞ ይመጣልና እሱንም ለኩት። ቁጥሩ አሁንም ከበዛባችሁ የሚቀነሰው ምግቡና የዓሣው ብዛት ነው። በፍጥነት የሚያድጉ የውሃ ተክሎችም ትልቅ እርዳታ ናቸው፤ አሞኒየሙን ተሕዋስያኑን ሳይጠብቁ በቀጥታ ይበሉታል።

ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን በዝቶበታል። ሦስት አራት ቀን ገንዳውን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ማጨለም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ውሃውን ያረነገደው ረቂቅ አልጌ ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅን ስለሚሻማ ግን የአየር ፓምፑ እንዳይጠፋ። ከዚያ በኋላ የገንዳውን መብራት በቀን በድምሩ ከ8 ሰዓት በላይ አታብሩት።

ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት ላይ ላዩን ሆነው አፋቸውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ከሆነ ደግሞ መርዝ ከመፈለጋችሁ በፊት አየሩን አስቡ። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከ8 ያንሳል። ሙቀት ሲጨምር ዓሣው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል፣ ውሃው የሚይዘው ግን ይቀንሳል። ተክሎቹም ሌሊት ኦክስጅን ይበላሉ እንጂ አይሰጡም። የፊልተሩ መውጫ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ማድረግ ብቻውን ብዙ ገንዳ አድኗል።

ተሕዋስያኑም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ተንፋሾች ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ይህ ይረሳል። ፊልተሩ ሲቆም በተለይ ዝግ በሆነው የቆርቆሮ ዓይነት ፊልተር ውስጥ የቀረው ውሃ ኦክስጅኑ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፣ ውስጡ መበስበስ ይጀምራል። መብራቱ ሲመጣ ያ ውሃ በቀጥታ ወደ ገንዳው ይገፋል። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ፊልተሩን ከመክፈቴ በፊት ፈትቼ ውስጡ ያለውን ውሃ እደፋዋለሁ፣ ስፖንጁን በገንዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ እመልሳለሁ፣ ለዓሦቹ ለሁለት ቀን ምግብ አልሰጥም፣ አሞኒያውንና ናይትራይቱን ደግሞ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ እለካለሁ። ጠፍቶ በቆየበት ሰዓት ግን ስፖንጁን አውጥታችሁ ገንዳው ውስጥ እንዲንሳፈፍ ብትተዉት ይሻላል፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካላችሁም አጠገቡ አኑሩት።